ለአንድ ልብ ሦስት መቶ አርባ መስመር

የትርንጎ ሙዓዝ ሥራ መስማት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው አዳራሽ ትገባና ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷ ጋሽ ናሆም ይቀመጣሉ። እሳቸው አንድ መስመር ኮድ ጮክ ብለው ያነባሉ። እሷ የሰማችውን ለጎረቤት እንደምታወራ አድርጋ በአማርኛ ትመልሰዋለች። ከተግባቡ መስመሩ ይቆያል። «አልገባኝም» ካለች እስከ ሦስት ጊዜ ይነበብላታል፤ ሦስተኛው ላይም ካልገባት ይሰረዛል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። በ2102 ዓ.ም. ይህን ሥራ የሚሠሩ አርባ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲጮሁ ከውጭ ለሚሰማ ሰው የቆሎ ተማሪ ቤት ይመስሉ ነበር።

የሚያነቡት የዘቡን ኮድ ነው። አገሩ በሙሉ ባንድ ሥርዓት ላይ ነው የሚኖረው፤ በሩም፣ ውሃውም፣ ክሊኒኩም። ዘቡ የሥርዓቱ ደጃፍ ላይ የቆመው ክፍል ነው። ከቤት ቤት፣ ከቧንቧ ቧንቧ የሚላከውን እያንዳንዱን የመልእክት እሽግ አስቁሞ «ማነህ? ማኅተምህ የታለ? መቼ ታተመ?» ይላል። ይህንን ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ሁለት ሺህ መስመር በበቃው ነበር። የጻፈው ግን ሰው ነዋ! የተሾመ ሁሉ «የእገሌ ልጅ ሳይጠየቅ ይለፍ»፣ «የእገሊት ወንድም ፋብሪካ ማኅተሙ ቢያልፍበትም ይለፍ» እያለ አንድ አንድ መስመር ጣል ሲያደርግበት፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲደራረብ፣ ኮዱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ መስመር ሆኖ አረፈው።

በ2089 አንድ ቀን ዘቡ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በሮች አልከፈት አሉ፣ ውሃ አልወርድ አለ፣ የክሊኒክ መሣሪያዎች ዝም አሉ። ሰው ሞተ። ለምን እንደቆመ የሚያውቅ አንድ ሰው በአገሩ ጠፋ። በማግስቱ እንደገና ሲነሳም ለምን እንደተነሳ ያወቀ የለም። ከዚያ ወዲህ ነው ሁለቱ ሕጎች የወጡት። አንደኛው፣ ሰው በአፉ ሊናገረው የማይችል መስመር በዘቡ ውስጥ አይኖርም። ሁለተኛው፣ በዘቡ ውስጥ የሰው ስም አይገባም።

ትርንጎ አዳራሹ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟን አባቷ ከሴት አያታቸው አያት ቀድተው ያወጡላት ነው፤ በዚያን ጊዜ የድሮ ስም ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ጨዋታ ትወዳለች፣ ሥራዋ ላይ ግን ምሕረት የላትም። የአንድ ሚኒስትር አማት ሳትጠየቅ እንድታልፍ የተጻፈ አርባ መስመር ስታስሰርዝ፣ «እናትየዋ ከሞቱ ሃያ ዓመታቸው ነው እኮ፤ እስካሁን እየገቡ ነው?» ብላ አዳራሹን በሳቅ አፍርሳዋለች።

በመጋቢት ወር አንድ ሰኞ፣ የሳምንቱ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ረቡዕ ከትርንጎና ከጋሽ ናሆም አግዳሚ ትይዩ እንዲህ ይላል፦ «አሮጌው በር፤ 340 መስመር።»

ትርንጎ አየችው፤ ተመልሳ ደግማ አነበበችው።

አሮጌው በር ማለት ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ጊዜ ያለፈበትን የማኅተም ዓይነት እስካሁን የሚቀበለው ክፍል ነው። ይህን ማኅተም የሚጠቀም ነገር በአገሩ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱም በጎረቤት ከተማ በሐርቡ፣ በአባቷ በአቶ ሙዓዝ ይመር ደረት ውስጥ ነው ያለው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ልባቸው ስትደክም የተተከለላቸው የልብ ምት ማስተካከያ ነው። በየንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለክሊኒኩ አንድ እሽግ ይልካል፤ ክሊኒኩ «ቀጥል» ብሎ ይመልስለታል። አምስት ቀን መልስ ካጣ፣ ሠሪዎቹ ለጥንቃቄ ብለው እንዳደረጉት፣ ምቱን ወደ አርባ ያወርዳል። በአርባ ምት የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ከአልጋ አይነሳም። የሠራው ድርጅት ከፈረሰ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ደግሞ «ደረታቸውን ከከፈትነው ከጠረጴዛው አይነሱም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

ያም ሆኖ በሩ ክፉ በር ነበር። በጥር ወር አንድ ሰው የድሮውን ማኅተም አስመስሎ ሠርቶ በዚያ ገባና የአንዲት ትንሽ ከተማ ውሃ ስድስት ቀን ዘጋ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ትርንጎ ሪፖርቱን አንብባዋለች። የሕፃናቱን ስም ሳይቀር ታውቃለች።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሐርቡ ወረደች። አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይፈታታሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ይፈታታሉ እንጂ ሲገጥሙ ያያቸው የለም።

«ምነው በማክሰኞ?» አሉ። «ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም። ዝም ብዬ ነው አባዬ።»

«ዝም ብሎ የሚመጣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አይቀመጥም። በይ ተናገሪ።»

ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አልበቃቸውም። «አዳራሽ ውስጥ እንደምትሉት አድርገሽ ንገሪኝ» አሏት። እሷም ሦስት መቶ አርባውን መስመር ለጎረቤት እንደሚነገር አወራቻቸው። «እሽግ ይመጣል። ማኅተሙ አሮጌ ከሆነ ዘቡ ያሳልፈዋል። ይህ ሲገባ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ሲወጣ ደግሞ ያው ነገር ትንሽ ተቀይሮ ተጽፏል፤ ውስጥ ለውስጥ ሲተላለፍም ሦስተኛ ጊዜ። በሦስቱም ቦታ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።»

«በጥር የገባው ሰውዬ በዚህ ነው የገባው?»

«በዚህ ነው።»

«በእኔ በር?»

«በአንቱ በር፣ አባዬ።»

ሽማግሌው የያዙትን ሬዲዮ አስቀመጡ። ፊታቸው ጠቆረ። «ነገ ዝምድና ያለው ይነሳ ይላሉ አይደል? ትነሻለሽ» አሉ።

«ብነሳ ይዘጉታል! ሌላ ሰሚ ነው የሚቀመጠው። እኔ ከተቀመጥኩ ግን ገባኝ እላለሁ፣ ይቆያል።» ድምጿ ተሰበረ። «ዘጠኝ ዓመት የሰው ዘመድ ሳስወጣ ኖሬ አሁን የእኔ ሲደርስ እንዲህ እላለሁ። አፍራለሁ፣ ግን እላለሁ።»

«አብሽሪ። አታልቅሺ» አሉ አቶ ሙዓዝ። «ስሜን ብቻ ጽፋችሁ ሌላውን መዝጋት አይቻልም?»

«ስም አይገባም።»

«ደግ ነው፣ አይግባ። ድሮ የማይታወቅ ሰው ከተማ ሲመጣ ምን ይሉት ነበር? ዋስ ጥራ ይሉት ነበር። ማኅተሜ አርጅቶ ካላመኑኝ፣ ማኅተሙ ያላረጀ ሰው ዋስ ይሁነኛ። እሽጌን ያ ሰው ይቀበል፣ ይየው፣ በራሱ ማኅተም አትሞ ይላከው። ዘቡ የሚያውቀው ዋሴን ነው። እኔን ምን አደረገኝ?»

ትርንጎ እንባዋን ጠርጋ አየቻቸው። ዘጠኝ ዓመት አዳራሽ ውስጥ የጮኹት አርባ ስድስት ሰዎች ያላሰቡትን ሬዲዮ የሚፈታታ ሽማግሌ አሰበው! ሳቋ መጣ፤ እየሳቀችም ትንሽ አለቀሰች።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ናሆም እንደ ሁልጊዜው «ዝምድና ያለው ይነሳ» የምትለዋን በአፍንጫቸው አጉረመረሟት። ለሚያውቁት ሰው ዝምድና አለህ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል፤ ለሁሉም እንዲሁ ነው። የትርንጎን አባት ነገር ያውቃሉ። አሮጌውን በርም ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ማንበብ ጀመሩ።

ትርንጎ አንድ መስመር ተኩል ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች።

አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የአባቷን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፤ ስለ ዋስም ተናገረች። ጋሽ ናሆም መነጽራቸውን አወለቁ። «ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፣ ችኩል» አሉ። «አንድ ቦታ መጻፍ የነበረብኝን ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። በዚያ ላይ ማንንም አልጠየቅሁም።» እስከ ምሳ ድረስ ተቀምጠው የዋሱን ደንብ ጻፉ። አሥራ አንድ መስመር ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ትርንጎ ዘመድ ስለሆነች በር አጠገብ ቆማለች። በእሷ ቦታ ሰሚ ሆና የተቀመጠችው ወይዘሮ ኬብሮን ናት፤ ምላሷ ስለታም፣ ምንም ነገር የማያመልጣት ሴት። እንዲህ ብላ መለሰችው፦ «ማኅተሙ ያረጀ ሰው ዋስ ይጥራ። ዋሱ በየንጋቱ እቤቱ በሚሰቀልለት ሰሌዳ ላይ እጁን ያድርግ፤ እሽጉን አይቶ በራሱ ማኅተም ያትም። ሦስት ንጋት ካጎደለ ማኅተሙ ተሰርቆ ይሆናልና፣ እጁን እንደገና እስኪያሳርፍ ድረስ የራሱም ማኅተም ይታገድ። ዋስ የሆነ ሰው በዘቡ ሥራ ላይ አይቀመጥ።»

እዚህ ላይ ኬብሮን አፏን እንደገና ከፈተች። አንድ ጥያቄ ነበራት። ጥያቄው ጋሽ ናሆምም ዘንድ ነበረ፤ ከኋላ ባሉት አግዳሚዎችም ሁሉ ነበረ። ኬብሮን ቀና ስትል በር ላይ የቆመችውን ትርንጎን አየቻት። ሰውየው በሕይወት፣ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ያንን አፍ አውጥቶ ማን ይጠይቃል? አፌን ይቁረጠው ያሰኛል እንጂ።

«ገባኝ» አለች ኬብሮን።

«ገባን» አለ አዳራሹ።

ባንድ ቀን ሦስት መቶ ሃያ ዘጠኝ መስመር ረገፈ። እንዲህ ያለ ቀን ታይቶ ስለማይታወቅ ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ናሆም ትርንጎን አቅፈው ጉንጯን ሳሟት።

ትርንጎ በዚያው ሳምንት ሥራዋን ለቀቀች። የከተማው ውሃ ክፍል ቅሬታ የምትቀበልበት ወንበር ሰጣት። ሰሌዳው ኮምቦልቻ፣ እቤቷ፣ ከመኝታ ቤቷ በር አጠገብ ተሰቀለ። በየንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መዳፏን ታስቀምጣለች። ሰሌዳው ይሞቅና ጽሑፉ ይመጣል፦ «ሙዓዝ ይመር። ትናንት 86,400 ምት ተልኳል። እክል የለም።» አይታ ታትማለች። ፊቷን የምትታጠበው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት ገደማ ከከተማ ወጥታ አላደረችም። የጓደኛዋ ሠርግ ደሴ ሲደረግ በጊዜ ተመለሰች። አንድ መምህር ሊያገባት ፈልጎ ነበር፤ ሥራው ወደ ጎንደር ሲዛወር ነገሩ በዚያው ቀረ። ሰው «አይከብድሽም?» ሲላት «እጄን ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ አይከብዳትም ነበር። ስንት ሰው ነው በየማለዳው አባቱ ደህና ማደሩን በቁጥር የሚያውቅ? እሁድ እሁድ ሐርቡ ስትወርድ አቶ ሙዓዝ «ዋሴ መጣች» ብለው ጎረቤት ይጠራሉ።

በ2104፣ በኅዳር ወር፣ አቶ ሙዓዝ በሳንባ ምች አረፉ። ልባቸው እስከ መጨረሻው ደህና ነበረች። በዕለቱ ተቀበሩ። ትርንጎ ሦስት ቀን ሐርቡ ለቅሶ ተቀመጠች። ስለ ሰሌዳው አንድም ጊዜ ትዝ አላላትም፤ ለምንስ ትዝ ይበላት?

በአራተኛው ቀን እቤቷ ስትመለስ በሩ አልከፈት አላት። ማኅተሟ ታግዷል። ግቢ ያለው ቧንቧም እጇን አይቶ ዝም አለ። አውቶቡስ ላይ የወጣችውም የአክስቷ ልጅ በራሱ ማኅተም ስላሳፈራት መሆኑ ያኔ ገባት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥሎ ንዴት መጣባት፤ እንዲህ ያለ ንዴት በዕድሜዋ አታውቅም። ጎረቤቷ ቁልፍ ሠሪ ጠርታ በሩን አስፈለቀቀችላት።

በማግስቱ ንጋት፣ ሌላ ነገር ስላጣች፣ መዳፏን ሰሌዳው ላይ አስቀመጠች።

«ሙዓዝ ይመር። ትናንት 86,400 ምት ተልኳል። እክል የለም።»

ትርንጎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መሣሪያው ከሳቸው ጋር ነው የተቀበረው። የሚቆጥረው እሱ የላከውን ምት ነው፤ ልብ ትመልስ አትመልስ አይጠይቅም። ክሊኒኩ መዝገባቸውን ዘግቷል፤ መልስ የሚሰጠው ግን ሰው አይደለምና «ቀጥል» ይለዋል። አፈሩ ውስጥ ሆኖ ይቀጥላል። አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት አተመች። ውሃው መጣ።

ጋሽ ናሆም ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ግንባራቸውን መቱ። «ወይኔ! ኬብሮን ልትጠይቅ ነበር እኮ፤ አየኋት። እኔም ልል ነበር። ሲያርፉስ ልበል? አንቺ እዚያ ቆመሽ፣ ምን ብዬ ልበለው?»

«አላሉም። ማንም አላለም።» ተቆጥታለች፤ ግን እሳቸው ላይ እንዳልሆነ ያውቃሉ። «እኔስ ብሆን? ቢሉት ኖሮ እቀየም ነበር።»

«ባትሪው መቼ ያልቃል?»

«ሰባት ዓመት ይቀረዋል።»

መቃብር ይከፈት የሚል አልተገኘም። የዘቡ ጽሕፈት ቤትም ለትርንጎ አቤቱታ በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሰላት፦ «ከዘቡ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም።» ጋሽ ናሆም ግን እንቅልፍ አጡ። ሰባት ወር ከቢሮ ቢሮ ዞሩ፣ ለመኑ፣ ተጣሉ፤ በመጨረሻ አንዲት መስመር ብቻ እንድትጨመር አስፈቀዱ። ሕጉ አንድ ነገር ያዛል። መስመር ሲቀነስ ሰሚው ባዳ ነው፤ ሲጨመር ግን ሰሚው ራሱ ባለጉዳዩ ነው።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን፣ ጠዋት፣ ትርንጎ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ከጋሽ ናሆም ፊት ተቀመጠች። አዳራሹ ሥራውን አቁሞ ዞሯል። ኬብሮን ከኋላ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ጋሽ ናሆም አነበቡ። «ዋስ የተጠራለት ሰው ካረፈ፣ የዋሱ እጅ ይፈታ።»

እንዲህ ያለ ግልጥ መስመር በአዳራሹ ተነብቦ አያውቅም። ትርንጎ ለጎረቤት እንደሚነገር አድርጋ መመለስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሰባት ወር ሙሉ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። አፏን ከፈተች። በዚያን ዕለት ማለዳም መዳፏ ላይ ሰሌዳው ሞቆ ነበር። ነገ የማይሞቅ መሆኑን አሰበችው።

«አልገባኝም» አለች።

ጋሽ ናሆም ቀና ብለው አዩዋት። ደንቡ ነውና ደገሙላት፤ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል።

«አልገባኝም።»

«ትርንጎዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማነበው። ከተሰረዘች ማንም ዳግመኛ አይፈቅድልኝም። ነጻ ትወጫለሽ እኮ፣ ልጄ። ከዚህ ከተማ መውጣት ትችያለሽ፤ ማግባት፣ የፈለግሽው ቦታ ማደር...»

«ያንብቡት፣ ጋሽ ናሆም።»

ሦስተኛ ጊዜ አነበቡት። ትርንጎ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ትክ ብላ እያየቻቸው፣ የሚገባውን ያህል ቆየች።

«አልገባኝም» አለች። ከዚያም ሌላው እንዳይሰማ ጎንበስ ብላ፣ «ለባትሪው ስድስት ዓመት ከአምስት ወር ነው የቀረው። እችለዋለሁ» አለቻቸው።

ጋሽ ናሆም ብዕራቸውን አነሱና መስመሯን በገዛ እጃቸው ሰረዟት።